ሁለት መቶ ዜግነት ማስረጃ አይሆንም

ከአቡ ዳቢ ጉብኝት የሚመለሱ የሃይማኖት አባቶችና የወጣት ልዑካን ከአስተናጋጆቻቸው ሰምተው የሚደግሙት አንድ አባባል አለ። በኤምሬትስ ከ200 በላይ አገሮች ዜጎች በመቻቻል አብረው ይኖራሉ ይባላል። የአገሪቱ ባለሥልጣናት ለዓመታት እንደ ማስረጃ ሲያቀርቡት ኖረዋል፤ የእኛም ሰዎች አገር ቤት ገብተው ሳይመረምሩ ያስተጋቡታል። ይህ ሊበቃ ይገባል።

ልዑኩ የሚጎበኘውን በሳዲያት ደሴት ያለውን የአብርሃም ቤተሰብ ቤት አከብራለሁ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስና የአል አዝሃሩ ታላቅ ኢማም አሕመድ አል ጠይብ እ.ኤ.አ. በ2019 ከፈረሙት የወንድማማችነት ሰነድ ተነሥቶ በ2023 የተከፈተ ነው። በግቢው ያሉት መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያንና ምኩራብ ቁመታቸውም ወርዳቸውም 30 ሜትር ነው። አርክቴክቱ ዴቪድ አጃዬ አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ አድርጎ ነድፏቸዋል። የሚያስቆጣኝ ከዚያ ግቢ ወጥተን የምንሰማው ቁጥር ነው።

ሁለት መቶ የሚለው ቁጥር የሚነግረን የስንት አገር ፓስፖርት ላይ የመኖሪያ ፈቃድ እንደተመታ ነው። ከአሥር የኤምሬትስ ነዋሪ ዘጠኙ ገደማ የውጭ ዜጋ ነው፤ የብዙዎቹ የመኖሪያ ፈቃድም ከሥራቸው ጋር የታሰረ ነው። ሥራውን ያጣ ሰው፣ ሌላ ቶሎ ካላገኘ፣ ሻንጣውን መሸከፍ ይኖርበታል። እንዲህ ባለ ቦታ ሰዎች በሃይማኖት ሳይጣሉ ሲኖሩ ተግባብተው ይሁን እንጀራቸውን ፈርተው በምን እንለያለን? በአንድ ፎቅ እየኖሩ አሳንሰር ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው የሚተላለፉ የሃያ አገር ሰዎችም እዚያው ሁለት መቶ ውስጥ ይቆጠራሉ። ሰላሙ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ግን አይመሰክርለትም።

አንድ ጣሪያ ሥር መኖር ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ስለ ሌላው ሃይማኖት ከዓረብ አገር ሠራተኞቻችን በላይ የሚመሰክር ባልተገኘ ነበር። አፍጥሩን የሚያሰናዱት እነሱ ናቸው፤ ለሱሁር የሚነሡትም እነሱ ናቸው። የቤቱን ሶላት ሰዓት፣ የቤቱን ልማድ፣ የልጆቹን የቁርአን ትምህርት ሁሉ ያውቃሉ። ከመካከላቸው ስንት ክርስቲያን ልጅ ናት በደላላ ምክር ስሟን ለውጣ፣ ማተቧን በጥሳ አውሮፕላን የተሳፈረችው? እሷ የማዳሟን እምነት እስከ ዝርዝሩ ታውቃለች። ማዳሟ የእሷን አታውቅም፤ ልጅቷ ደብቃዋለችና። በርግጥ የጾም ምግቧን ለይተው የሚያቆዩላት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሸኟት አሠሪዎችም አሉ፤ ከተመለሱት ሰምተናል። እነዚያ ቤቶች ናቸው ሊጠኑ የሚገባቸው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው የተገናኙት ሰዎች በእኩል ደረጃ ሲቆሙና ለጋራ ዓላማ አብረው ሲሠሩ፣ ሥልጣን ያለውም አካል ሲደግፋቸው ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተደረጉት ጥናቶች በጣም የሚገርመኝ በፓኪስታን ሐጃጆች ላይ የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006ቱ ሐጅ መንግሥት ተጓዦችን በዕጣ መርጦ ስለነበር ተመራማሪዎች ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ከ1,600 በላይ አመልካቾች ከወራት በኋላ ጠየቁ። የሄዱት ለሌላ ብሔረሰብና ለሌላ የእስልምና ወገን የተሻለ አመለካከት ይዘው ተመልሰዋል። በተለያዩ ሃይማኖቶች ተከታዮች መካከል እኩልነትና ስምምነት አለ ብለው ማመናቸውም ጨምሯል።

መካ ውስጥ እኮ ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባም። ሐጃጆቹ ያገኟቸው የሌላ አገርና የሌላ ቋንቋ ሙስሊሞችን ነበር፤ ሀብታሙም ድሃውም ያንኑ ሁለት ነጭ ጨርቅ ለብሶ በአንድ ረድፍ ቆሞ ነበር። ጥናቱ መገናኘታቸውን ይጠቅሳል፤ እኔ ደግሞ የተገናኙበትን እኩልነት እጨምርበታለሁ። የሌላ እምነት ሰው በሌለበት ልብን የሚያሰፋ ጉዞ ካለ፣ ሁለት መቶ ዜግነትን አንድ ከተማ ውስጥ መቁጠር ምን ያስረዳል?

ይህም ሆኖ እኩልነት ሁሉን ይፈታል ብዬ አልሞግትም። ኢራቅ ውስጥ አይሲስ ያፈናቀላቸው ክርስቲያን ወጣቶች ከሙስሊሞች ጋር በአንድ የእግር ኳስ ቡድን እንዲጫወቱ ተደርጎ ነበር። በ2020 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከጓደኞቻቸው ጋር ተቀራርበዋል፣ ከወራት በኋላም አብረው መለማመድን ቀጥለዋል። ወደ ሞሱል ሄዶ ከማያውቁት ሙስሊም ምግብ ቤት ለመብላት ግን ብዙም አልደፈሩም። ከሜዳ ውጪ ያለው ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ቀረ።

የሚቀጥለው ልዑካችን አስተናጋጆቹን አንድ ነገር እንዲጠይቅ እወዳለሁ። የኤምሬትስ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ሰጥቷል። በዚያ ቀን ከሠራተኞቹና ከአሠሪዎቻቸው ጋር በአንድ ገበታ መቀመጥ ይቻል እንደሆነ ይጠይቅልን። ይፈቀድለትም ይሆናል። ነገር ግን ስሟን ለውጣ የሄደች ልጅ፣ የመኖሪያ ፈቃዷን በስፖንሰርነት የያዙላት ማዳሟ አጠገብ ተቀምጣ፣ የክርስትና ስሟን ጮክ ብላ ትናገራለች? ብትናገርስ፣ ልዑኩ ሆቴሉ ሲገባ እሷ ወደየትኛው ቤት ነው የምትመለሰው?