ጣና ላይ «የግድ» የለም

ሰሞኑን አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ስልኩን ይዞ መጣና «አንተ ባሕር ዳር አይደል የተማርከው? በአውሮፕላን ልሄድ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሁለት ቀን ነው ያለኝ። የግድ ማየት ያለብኝን ንገረኝ» አለኝ። ከኢንተርኔት ያገኘውንም ዝርዝር አሳየኝ። አሥራ ሁለት ቦታ ነው። አንዱም አልጠፋኝም፤ ያንኑ ዝርዝር እኔም ከሦስት ዓመት በፊት በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ መልሱን ለእሱ ብቻ ከምነግረው እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

አምስት ዓመት ባሕር ዳር ምሕንድስና ስማር ሐይቁን ያየሁት ከዳር ሆኜ ነው። ፈተና፣ ፕሮጀክት፣ ገንዘብ ማጣት፤ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ ጥር 2015 ላይ፣ ታናሽ እህቴንና ሁለት ጓደኞቼን ይዤ «እንግዲህ በደንብ ልያት» ብዬ ሄድኩ። ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ዕረፍት ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ገምቱ። ኤክሴል ከፈትኩ። ክብራን ገብርኤል 25 ደቂቃ፣ እንጦስ ኢየሱስ 25 ደቂቃ፣ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም አርባ አርባ ደቂቃ፣ የዓባይ መውጫ፣ ጉማሬ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤዛዊት። በማግስቱ ጢስ ዓባይ፣ ገበያ፣ ዓሣ፣ ማታ አዝማሪ ቤት። በጣም አምሮብኝ ነበር።

የመጀመሪያው ባግ የተገኘው ክብራን ላይ ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። የገዳሙ ሥርዓት የገዳሙ ነው፤ ከነሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቡ ከዝርዝሩ ጋር ነው። «የግድ መታየት ያለበት» ብሎ ሲጽፍ የግዱ ለማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እህቴ ጀልባው ላይ ቀረች። እኛ ፎቶ ተነስተን ስንመለስ ዣንጥላዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። «አያችሁ?» አለች። «አዎ፣ ደስ ይላል» አልን። ምንም አላለችም።

ሁለተኛው ዑራ ላይ ነው። ቅድስቱ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ ነው፤ አንድ አባት በላዔ ሰብእ ጋ ቆመው ታሪኩን ጀመሩልን። ሰው ሲበላ የኖረ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ የሰጣት ጥርኝ ውኃ ሚዛን ላይ ስትወጣ። ልክ ሚዛኑ ጋ ሲደርሱ ስልኬ ጮኸ። አርባ ደቂቃዬ አልቋል። «አባ፣ ይቅርታ፣ ጊዜ የለንም» አልኳቸው። እሳቸውም «ይሁን ልጄ» ብለው በሩን አሳዩኝ። ሰውዬ! ስለ ጥርኝ ውኃ ክብደት የሚናገር ታሪክ ላይ ነው ሰዓት የቆጠርኩት።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ። ጣና ከሰዓት እንዲህ ነው፤ ባለ ጀልባ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለዚህም ነው ማልደው የሚወጡት። ማዕበሉ ጀልባዋን እያላጋት ረጥበን ደረስን። ቤዛዊት ቀረ። በማግስቱ ጢስ ዓባይ የጠበቀን በፖስተሩ ላይ ያለው ፏፏቴ ሳይሆን ዐለት ላይ የሚወርዱ ቀጫጭን ጅራቶች ነበሩ። አጠገቡ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀመረ፤ ከ2010 ወዲህ ደግሞ የበለስ ማመንጫ ከሐይቁ በቀጥታ ውኃ ይወስዳል። መብራቱን ሁላችንም እንፈልገዋለን፤ የእኔም ኮምፒውተር በነፋስ አይሠራም። ነገር ግን ፏፏቴውን በሙላቱ ማየት የሚፈልግ ሰው ነሐሴና መስከረም ይሂድ ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው። ዝርዝሩ ያቺን መስመር የለውም።

የዝርዝሩ ጥፋት እንግዲህ ይኼ ነው። ቅድመ ሁኔታ የሌለው ኮድ ነው። ሴት ከሆንሽ፣ በጋ ከሆነ፣ ከሰዓት ከሆነ፣ እናትህን ይዘህ ከሆነ የሚል አንድም ቦታ የለም። ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ወር፣ በሁሉም ሰዓት «የግድ» ይላል። እንዲህ ያለ ኮድ እኔ ቢሮ ማንም አያሳልፈውም።

«የግድ» የሚለው ቃል የሚሠራበት አገር ግን አለ። ካንኩንን ውሰዱ። የሜክሲኮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለቱሪስት ብሎ አቅዶ ያቆማት የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ሆቴሉ፣ መንገዱ፣ አሸዋው ዳር ያለው ወንበር ለእንግዳው ዝርዝር የተሰናዳ ነው። እዚያ እንኳን ሰው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወዳለችው ቺቼን ኢትዛ በአውቶቡስ ደርሶ መልስ እየሄደ ቀኑን ወንበር ላይ ይጨርሳል፤ «የግድ» ስለተባለ። ጣናን ግን ለእንግዳ ብሎ ያቀደው የለም። ደሴቶቹ ላይ የሚጸልይ አለ፣ የሚያርስ አለ፣ ዓሣ የሚያጠምድ አለ። እነሱ የኤክሴላችን ረድፎች አይደሉም።

«አንተ ምን አለብህ፣ አምስት ዓመት ኖረህበታል» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ዕረፍቱ ሁለት ቀን ነው፤ ትኬቱ ውድ ነው፤ መንገዱም ባለፉት ዓመታት እንደልብ አልሆነም፤ ተመልሶ የመምጣቱን ነገር ማን ያውቃል? ዝርዝር የስስት ብቻ ሳይሆን የፍርሃትም ልጅ ነው። ሳላየው ቢቀርስ የሚል ፍርሃት። ይገባኛል። ግን የማትመለሱ ከሆነ፣ ይዛችሁት የምትሄዱት አንድ ሙሉ ነገር ይሻላችኋል ወይስ አሥራ ሁለት ግማሽ? እኔ ከዚያ ጉዞ ከሁለት መቶ በላይ ፎቶ አለኝ። የበላዔ ሰብእን ሚዛን መጨረሻ ግን ከአያቴ ነው የሰማሁት።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ተመለስን። የዚህኛውን እቅድ እህቴ ነበረች ያወጣችው፤ አንድ መስመር ብቻ፦ ደቅ። በአብዛኛው የግማሽ ቀን ዝርዝር ላይ ደቅ የለም፤ ሩቅ ነዋ። በተራ ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። የጣና ትልቁ ደሴት ነው፤ ገበሬ የሚኖርበት፣ ከብት የሚሰማራበት። ጎረቤቱ ዳጋ እስጢፋኖስ የእነ ዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ያረፈበት ነው፤ እዚያም ሴት አይገባም። አስቀድማ ጠይቃ ነበርና ወደዚያ አልሄድንም። የሄድነው ደቅ ላይ ወዳለው ናርጋ ሥላሴ ነው። ሴትም ወንድም ይገባል። ያሠራችው ደግሞ ሴት ናት፤ እቴጌ ምንትዋብ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን።

ግድግዳው ላይ እቴጌይቱ ራሷ አለች። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ምንትዋብ ከእግሯ ሥር በግንባሯ ተደፍታ። ከልጇ ከኢያሱ ጋር ዘውድ ጭና አገር ያስተዳደረች ሴት ናት፤ እዚያ ግን ወድቃ ነው ያለችው። እህቴ ሥዕሉ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። እኔ ሰዓት አላየሁም፤ ምን ያህል እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ስንመለስ ጀልባው ላይ «አሁን እኔም ባሕር ዳርን አየሁ» አለችኝ። የጥሩ ስድብ ያህል ገባኝ፤ የበፊቱን ለካ አላየችም።

ደቅን «የግድ» እያልኩ አይደለም፤ ያን ካልኩማ አሥራ ሦስተኛ መስመር መጨመሬ ነው። ለባልደረባዬ የሰጠሁት ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። ከማን ጋር ነው የምትሄደው፣ ሁላችሁም የምትገቡበት ነው ወይ? ወሩ ምንድን ነው? ጠዋትህን ለምን ትሰጣለህ? ከዚያ አንድ ቦታ ምረጥ። ዘጌ ከሆነ ሙሉ ቀን ዘጌ፤ ከቡናው ጥላ ሥር በእግርህ ሂድ፣ አባ ታሪካቸውን ይጨርሱልህ። ደቅ ከሆነ ማልደህ ውጣ፤ የጀልባው ዋጋ ይከብዳል፣ ነዳጅ ነው፣ አምስት ስድስት ሆናችሁ ተካፈሉት። ሁለተኛውን ቀን ባዶ ተወው። ሐይቅ ዳር ዓሣህን ብላ፣ የደንገል ታንኳ ሲያልፍ እይ።

«አሥራ አንዱስ?» አለኝ።

«ይቅሩ» አልኩት። እስካሁን ዝርዝሩን አልሰረዘም። እናቱን ይዞ እንደሚሄድ ግን የነገረኝ ያኔ ነው። ክብራንን በራሱ እጅ አወጣው።