ዶክተሩ ተመርቋል፤ ተመራማሪውስ?

በ2015 ዓ.ም. የኅዳር ወር በዓለም ሁለት ዳርቻዎች ሁለት የሥራ ማቆም አድማዎች ገጠሙ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48,000 ያህል የአካዳሚክ ሠራተኞች፣ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎችን ጨምሮ፣ ሥራ አቆሙ። ወሩ ሳያልቅ በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የደመወዝ ጥያቄያችን ምላሽ አላገኘም ብለው ማስተማራቸውን አቋረጡ። የካሊፎርኒያዎቹ ተመራማሪዎች ደመወዛቸውን በአማካይ ከ20 በመቶ ባላነሰ የሚያሳድግ ውል ተፈራርመው ሲመለሱ፣ የእኛዎቹ ጥያቄያቸውን እንደያዙ ወደ ክፍል ገቡ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ መጠን ብቻ አይደለም። እዚያ በስሙ የሚጠራና ደመወዝ የተቆረጠለት የምርምር ደረጃ አለ፤ በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ደረጃ ገና ሥር አልሰደደም።

ለመሆኑ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ማን ነው? ዶክትሬቱን አጠናቆ ቋሚ የማስተማር ሥራ ከመያዙ በፊት፣ ጥቂት ዓመታትን ደመወዝ እየተከፈለው በምርምር የሚያሳልፍ ባለሙያ ነው። ከአማካሪው ጥላ ወጥቶ የራሱን ጥያቄ መጠየቅ የሚጀምረውም በእነዚህ ዓመታት ነው። እርግጥ ኑሮው የተደላደለ አይደለም፤ ውሉ አጭር ነው፣ ነገ የት እንደሚሠራም አያውቅም። ሆኖም በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ድጋፍ ለሚሠራ ጀማሪ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓመት 61,008 ዶላር ተቆርጦለት ነበር።

እስቲ አሁን ከኡካ ተነሥቶ ፊዚክስ ያጠናን ወጣት እናስብ። ሦስቱን ዲግሪዎች ለመጨረስ ዐሥር ዓመት ግድም ይፈጅበታል። ዶክተር በተባለ ማግስት የሚጠብቀው ግን የኮርስ ድልድል፣ የፈተና እርማትና ስብሰባ ነው። ደመወዙ ወሩን አላዳርስ ሲለው ማታና ቅዳሜ በግል ኮሌጅ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ይይዛል፤ ለምርምር የቀረችውም ሰዓት በዚህ ታልቃለች። የመሣሪያውም ነገር እንዲሁ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ፣ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገዛ የ10,000 ዶላር መሣሪያ ከ570,000 ብር ተነሥቶ ሚሊዮን ተሻገረ ማለት ነው። የደመወዝ ማስተካከያ መደረጉ አይካድም፤ ነገር ግን ማስተካከያ ጊዜንና መሣሪያን አይተካም።

«ድሃ አገር ይህን ቅንጦት ከየት ታመጣለች?» የሚሉ አሉ። በእኔ እምነት ስሌቱ የተገላቢጦሽ ነው። ትልቁ ወጪ ያ ዐሥር ዓመት ነው፤ እርሱን ከፍለናል። ቀሪዋን ትንሽ ስንነፍግ ያፈሰስነውን ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ» እናደርገዋለን።

ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1951 ከካምብሪጅ ወደ ላሆር ተመልሶ ነበር። በ1954 ዳግመኛ አገሩን ለቆ ከሄደባቸው ምክንያቶች አንዱ የምርምር ብቸኝነት ነው። በ1979 የኖቤል ሽልማትን ተቀበለ። ይሁንና ያን ብቸኝነት ስላልዘነጋው፣ በ1964 በጣሊያኗ ትሪየስቴ ዓለም አቀፍ የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል አቋቁሟል። የታዳጊ አገሮች ተመራማሪዎች በአገራቸው እየሠሩ፣ በየጊዜው ወደዚያ እየሄዱ ዕውቀታቸውን የሚያድሱበት ሥርዓት በዚህ ተጀመረ።

ኢሉባቦርም የራሱ ጥያቄዎች አሉት። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ ባዮስፌር ሪዘርቭ የዱር ቡና የሚበቅልበት ደን ነው። ደኑ ምን ያህል እርጥበት ወደ አየር ይመልሳል? ዝናብ በማይጠፋበት አገር ቡና ሳይሻግት በፀሐይ ሙቀት እንዴት ይደርቃል? እነዚህ የፊዚክስ ጥያቄዎች ናቸው፤ በትርፍ ሰዓት ግን አይመለሱም።

ስለዚህ እንደ መቱ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ጥቂት አዳዲስ ዶክተሮችን በግልጽ ውድድር መርጠው፣ ለሁለት ዓመት የሚያኖር ደመወዝ፣ ከአንድ ኮርስ ያልበለጠ የማስተማር ሸክምና መጠነኛ የመሣሪያ በጀት ይስጧቸው። በአምስት እንዲህ ያሉ ሰዎች ቢጀመር እንኳ ልዩነቱ ይታያል።

ውድ ተማሪዎች፣ «ሳይንስን ውደዱ» ስትባሉ እናንተም መልሳችሁ ጠይቁ፦ «ከተመረቅን በኋላ የምንመራመርበት ወንበርና የምንኖርበት ደመወዝ የት አለ?» ጥያቄው የስስት አይደለም፤ የአገር ነው።