64 ሰው፣ ሙሉ መንግሥት

በምዕራብ ቴክሳስ ያለችው ላቪንግ ካውንቲ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ 64 ነዋሪ ብቻ ተገኘባት። አንድ የሠርግ ድንኳን እንኳ አይሞላም። ሆኖም ዳኛ፣ አራት ኮሚሽነሮችና ሸሪፍ መርጣ ራሷን ታስተዳድራለች። ዳኛ የሚባለው ሰው ደግሞ ዋና ሥራው ችሎት ሳይሆን አስተዳደርና በጀት ነው።

በቁጥሩ መሳቅ ቀላል ነው። ቁም ነገሩ ግን ገንዘቡ ላይ ነው። ከመሬቱ ሥር የፐርሚያን ነዳጅ አለ፤ ትልቁ የንብረት ግብር የሚመጣውም ከእሱ ነው። ግብሩ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት እርስ በርስ የሚተዋወቁ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። በካምፕ እያደረ ነዳጁን የሚያወጣው ሠራተኛ ቤቱ ሌላ ቦታ ስለሆነ ከነዋሪ አይቆጠርም፣ እዚያም አይመርጥም።

ይህ ስጋት አዲስ አይደለም። ካውንቲዋ በ1893 ስትደራጅ ምርጫው በማጭበርበር ተጠረጠረ፤ በ1897 የግዛቱ ምክር ቤት አፈረሳት። ዳግም የቆመችው ነዳጅ ከተገኘ በኋላ፣ በ1931 ነው።

ታዲያ ከጎረቤቷ ጋር ትቀላቀል? አያስፈልግም። 64 ሰው ራሱን ማስተዳደሩ ነውር የለውም። ነገር ግን ጥቂት ድምፅ ምርጫ በሚገለብጥበት ቦታ መዝጋቢውም ተመዝጋቢውም ጎረቤታሞች ናቸው። ስለዚህ ቴክሳስ የመራጮች መዝገቡንና የግብሩን ሒሳብ ከካውንቲዋ ውጭ ባሉ ሰዎች በየዓመቱ ማስመርመር አለባት።