አድራሻው ከፋንክሽኑ አጠገብ ይጻፍ

በፓይተን የድር መተግበሪያ የሚገነቡ ባለሙያዎች ሁለት ልማዶች ቀርበውላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው ጃንጎ የገጾችን አድራሻ በአንድ ፋይል፣ ገጹን የሚያዘጋጀውን ፋንክሽን በሌላ ፋይል ያስቀምጣል፤ በ2010 የመጣው ፍላስክ ግን አድራሻውን በዲኮሬተር ከፋንክሽኑ አናት ላይ ይጽፈዋል። የኋለኛው የተሻለ ነው።

የጃንጎ ነዳፊዎች አድራሻ ከፓይተን ኮድ ጋር ሊቆራኝ አይገባም ይላሉ። ይሁን እንጂ መጎራበት መቆራኘት አይደለም፤ በፍላስክ የፋንክሽኑ ስም ቢለወጥ አድራሻው አይለወጥም። በእርግጥ የተቆራኘው ሌላ ነገር ነው፦ በአድራሻው ውስጥ ያለው ተለዋዋጭ፣ ለምሳሌ የተማሪ መለያ ቁጥር፣ ፋንክሽኑ በሚቀበለው ስም መጠራት አለበት። ስሙ በአንደኛው ፋይል ተለውጦ በሌላው ቢረሳ ስሕተቱ የሚገለጠው ገጹ ሲጠየቅ፣ ምናልባትም በተጠቃሚው ፊት ነው። ፍላስክም አስቀድሞ አያስጠነቅቅም፤ ነገር ግን ሁለቱ ስሞች በተከታታይ መስመሮች ስለሚሰፍሩ ልዩነታቸው በዐይን ይያዛል። አድራሻዎቹን በአንድነት ማየት ለሚሻም ፍላስክ ሁሉንም የሚዘረዝር ትእዛዝ አለው።

አንድ ዕዳ ግን አለ። ዲኮሬተሩ የሚሠራው ፋይሉ ሲጫን ብቻ ነው። መተግበሪያው ሲነሣ ሳይጫን በቀረ ፋይል ውስጥ ያሉ አድራሻዎች ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይቀራሉ፤ ጎብኚውም የሚያገኘው 404 ብቻ ነው።