አንድ ነጥብ እና አራት ነጥብ

እህቴ ቢቸና ነው የምትኖረው፤ እኔ ሞጣ። በዚያ ሰሞን በሯን ገፋ አድርጌ ስገባ ጎረቤት በረንዳው ላይ ተደርድሮ፣ አንዳንዱም ነጠላውን ዘቅዝቆ አገኘሁት። ጉልበቴ ከዳኝ። “ማን ነው?” አልኩ። እህቴ ቀና ሳትል “ልጄ ወደቀ” አለችኝ። ገደል የገባ መሰለኝ። ልጁ ግን ጓዳ ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል። የወደቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው።

ይቅር በሉኝ፣ ያን ቀን “እግዜር ያጽናሽ” ማለት አልቻልኩም። ተናደድኩ። የተናደድኩት በልጁ አይደለም፤ በቁሙ ላለ ልጅ ለቅሶ በተቀመጥነው በእኛ ነው።

ቢቸና ያደገ ሰው መውደቅን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር ዋልካ ውኃ ጠግቦ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። እኛ ልጆች ዳገቱን መርጠን ሸርተቴ እንጫወት ነበር፤ ጎበዙ ቆሞ፣ ፈሪው በቂጡ። የወደቀ ይሳቅበታል፤ ቁምጣውን አራግፎ ወደ ተራው ይመለሳል። ከታች ሳይወድቅ የደረሰ ካለ ከላይ ሳይጀምር የቀረ ነው። አንድ ቀን ጭቃው ያልለቀቀ ቁምጣ ለብሼ ክፍል ብገባ መምህራችን በአለንጋ ገረፈኝ። “አንተ መውደቅ ለምደሃል!” እያለ። እንግዲህ ያኔ ነው ሁለት ዓይነት መውደቅ እንዳለ የገባኝ፦ የዳገቱና የክፍሉ። ከዳገቱ ይነሳሉ። በክፍሉ ይቀበራሉ።

ይህን ሸርተቴያችንን የሰለጠነው ዓለም ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አልብሶ፣ በረዶ ላይ አውጥቶ፣ በሙዚቃ እየዘለሉ የሚወዳደሩበት ጨዋታ አድርጎታል። በቴሌቪዥን ውበቱን ያላየ የለም። ደንቡን ያየ ግን ጥቂት ነው። እኔ ደንቡን ያየሁ ዕለት እንቅልፍ አጣሁ። ስሙት! በአዋቂዎች ውድድር አንድ ተወዳዳሪ ቢወድቅ ከጠቅላላ ውጤቱ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። ሁለተኛ ቢወድቅ ሌላ አንድ። ሦስተኛ ቢደግም ሁለት። ከሜዳው ግን ማንም አያስወጣውም። ሙዚቃውም አይቆምም፤ ተነስቶ ይከተለዋል።

ደግሞም ሒሳቡን ተመልከቱ። ሉትዝ የሚሉት ዝላይ አለ። አየር ላይ አራት ጊዜ ዞሮ ለሚያርፍ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ባለው ሠንጠረዥ መነሻ ዋጋው 11.50 ነው። አራቱን ዙር ጨርሶ መሬት ላይ ቢነጠፍ ዳኞች ግማሹን ይቆርጡበታል፤ 5.75 ይቀራል። የመውደቁ አንድ ነጥብ ሲነሳ 4.75። ቶሉፕ የሚባለውን ቀለል ያለ ዝላይ ሦስት ጊዜ ብቻ ዞሮ በእግሩ ያረፈስ? ማሳመሪያ ካልተጨመረለት 4.20። ከባዱን ደፍሮ የወደቀ፣ ቀላሉን ሠርቶ ከቆመው በልጧል! ይህን የጻፉት አዝነውለት አይደለም። አየር ላይ የዞረውን ቆጥረውለት ነው።

ስለዚህ የሸርተቴ ተወዳዳሪ ሕይወት ሲመረመር የውድቀት መዝገብ ነው። ጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የሶቺ ኦሊምፒክ፣ በመጨረሻው ቀን ውድድር ሁለት ጊዜ ወድቆ ወርቁን ወሰደ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ቤጂንግ ላይ ደግሞ በውድድር ማንም ያላሳካውን አራት ዙር ተኩል የሚዞርበትን አክስል የተባለ ዝላይ ሞክሮ ወደቀና 4ኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ኢሊያ ማሊኒን የተባለ የ17 ዓመት አሜሪካዊ ያንኑ ዝላይ ዘሎ በእግሩ አረፈ። ዝላዩ የሚቻል መሆኑን ለዓለም ያሳየው ማን ነው? ያረፈው ብቻ ነው የሚል ካለ ዳገት ላይ ተጫውቶ አያውቅም።

“ሐበሻና በረዶን ምን አገናኛቸው?” ይለኛል ያገሬ ሰው እየሳቀ። እኔም ይህንን ሳቅ ነው የምፈልገው፤ አንገቱን ይዤ ላንቀው! ሮቤል ተክለማርያም የተባለ የአዲስ አበባ ልጅ፣ አሜሪካ አድጎ ስኪ የተማረ፣ በ1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ተሰለፈ። ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ ኢትዮጵያዊ የለም። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ቫንኩቨር ላይ ተመልሶ 93ኛ ሆነ። ሞጣ ቡና ቤት ይህን ባወራሁ ቁጥር ሰው ይስቃል፤ “83ኛ! እሱም ወጣ ይባላል?” ወርቅ ያላመጣ ሯጭ በማይታወስበት አገር በረዶ ላይ 83ኛ የወጣ ቀልድ ነው። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ሳቂው ስንተኛ ወጣ? የት ተሰልፎ?

በረዶና ሐበሻን ያገናኛቸው ሌላም ሰው አለ፤ በእሱ ለመሳቅ የሚደፍር ካለ ይምጣ። አበበ ቢቂላ! ሮምን በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮን በጫማ ያሸነፈው። በ1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጣ እግሮቹ ዳግመኛ ላይሄዱ ሽባ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ኖርዌይ ሄደ። በረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳደረ፤ አሸነፈም። የሮምን ድል ሕፃን ሁሉ ያውቃል። የኖርዌዩን ለልጆቻችን ማን ነገራቸው? አንነግራቸውም፤ ምክንያቱም ያን ለመንገር አስቀድሞ “አበበ ወድቆ ነበር” ማለት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጓዳው እንመለስ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015፣ 3.2 በመቶ። በ2016፣ 5.4 በመቶ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛውሮ ኩረጃ መገታቱን እኔም ደግፌአለሁ፤ ዛሬም እደግፋለሁ። ያልዘለለን ዘለለ በሉት የሚል ክርክር የለኝም። ሪሚዲያል ተብሎ ለጥቂቶች በር መከፈቱንም አልክድም። ክርክሬ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ዝምታ ላይ ነው። ከመቶ ዘጠና ምናምኑ የወደቀበት አገር “ከዚህ በኋላስ?” ብሎ ካልጠየቀ ፈተናው ምን መዘነ? በዚያ ላይ በጦርነት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት የከረመ የጎጃም ልጅ አለ። ጫማውን ቀምተነው፣ በረዶውን አቅልጠነው፣ “ለምን አልዘለልክም?” እንለዋለን።

እነዚያ ለወደቀ አንድ ነጥብ ይቀንሳሉ። እኛ ለወደቀ አራት ነጥብ እናስቀምጣለን። ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋ!

ከሞጣ ወደ ዓባይ የወረደ ሰባራ ድልድይን ያውቃል። በጣሊያን ዘመን መካከሉ ወደቀ። አባቶቻችን ምን አደረጉ? ነጠላ ዘቅዝቀው ዳር ላይ ተቀመጡ? ገመድ ወረወሩ። አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከበጌምድር እየሳበ፣ ሰውና ሸቀጥ በአየር ላይ እያንጠለጠሉ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተሻገሩ። ድልድዩን እስከ ዛሬ “ሰባራ” ብለን እንጠራዋለን፤ ስሙን አላፈርንበትም። የአርበኛው የአባ ኮስትር አገር ሰው ለድንጋይ ያደረገውን ለልጁ ማድረግ እንዴት ያቅተዋል? በወዲህ በኩል ቤተሰብ፣ በወዲያ በኩል መንግሥት አለ። ገመዱን የያዘ ግን አላየሁም።

ያን ቀን ጓዳ ገባሁ። ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ስልኬን ከፈትኩና የሶቺውን ሃንዩን አሳየሁት። ልጁ ዓይኑ አብጧል። ሃንዩ ሲወድቅ አየ፣ ሲነሳ አየ፣ ዳግመኛ ሲወድቅ አየ።

“ጋሼ፣ ይኼ ነው ያሸነፈው?”

“እሱ ነው። አንተስ ስንት ጊዜ ዞረህ ነው የወደቅከው?”

አልገባውም። ደንቡን ከነቁጥሩ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ቆየና ተነስቶ ተቀመጠ። “ሒሳብ ከግማሽ በላይ አለኝ” አለ፤ “ፊዚክስም። እንግሊዝኛ ነው የጣለኝ።”

በረንዳው ሙሉ ሰው ነበር። ይህን የጠየቀው አንድም አልነበረም።