«የተበላሸ የህንድ ዘፈን»

ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ውስጥ ምድር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። አከራዬ ከጉያና የመጡ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሙዚቃ ይለቃሉ፣ ጣሪያዬ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን የህንድ ፊልም መስሎኝ ነበር። ከዚያ መሃል ላይ የካሪቢያን እንግሊዝኛ ገባበት፣ ምቱም የካርኒቫል ሆነ። ምንድነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «ቸትኒ ነዋ!» አሉኝ። ስሙ የምግብ ነው፤ የሚያቃጥል ማባያ፣ የእኛን ዳጣ አስቡት።

ሱስ ሆነብኝ። ለሰው ሳሰማ ግን ያገኘሁት ፍርድ አንድ ዓይነት ነው። ከዴልሂ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ «ሂንዲውን ገድለውታል» አለ። አዲስ አበባ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ደግሞ «የተበላሸ የህንድ ዘፈን» ብሎ ዘጋው፤ የህንድ ፊልም እያየ ስላደገ ባለሙያ ነው መሰለኝ።

እሺ፣ ከምን ተነስቶ ነው የተበላሸው? ባርነት ሲቀር የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ለሸንኮራ አገዳው ጉልበት አጡና ከህንድ ሰው በኮንትራት ማጓጓዝ ጀመሩ፤ ወደ ጉያና በ1838፣ ወደ ትሪኒዳድ በ1845 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እስከ 1917 ድረስ ትሪኒዳድ ብቻ ከ140 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። አብዛኞቹ ከሰሜን ህንድ ገጠር የመጡ፣ ቦጅፑሪ የሚናገሩ ነበሩ። ባልደረባዬ «የተገደለ ሂንዲ» ያለው አንዱ ክፍል የእነሱ ቋንቋ ነው። ቦሊውድ ሳይወለድ መርከብ የተሳፈረ ዘፈን እንዴት የቦሊውድ ብልሽት ይሆናል?

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ። አንድ ሰው ፕሮግራም ገልብጦ በራሱ መንገድ ሲቀጥልበት ፎርክ አደረገው እንላለን። ፎርኩን የምትመዝነው ከተነጠለበት ቀን ተነስተህ ነው እንጂ ዋናው ዛሬ ከደረሰበት ጋር አይደለም። ይሄ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው፤ ዘፈን ላይ ሲሆን ለምን እንደምንረሳው አላውቅም።

የቸትኒ አንዱ ሥር የሴቶች ዘፈን ነው። ማቲኮር በሚባለው የሰርግ ዋዜማ ሥርዓት ሴቶች ለብቻቸው ሆነው ባለጌ ባለጌ ዘፈን ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ። ድሮፓቲ የምትባል የሱሪናም ዘፋኝ በ1968 የሰርግ ዘፈኖችን በሸክላ አሳተመች። ቀጥሎ የትሪኒዳዱ ሰንዳር ፖፖ ስለ አያቶች የሚያወራውን «ናና ኤንድ ናኒ» ሂንዲና እንግሊዝኛ ቀላቅሎ ዘፈነ። በ1987 ድሩፓቲ ራምጉናይ «ቸትኒ ሶካ» ብላ ከሶካ ጋር አጋባችው። ሴቶች አደባባይ ወጥተው በቸትኒ ሲጨፍሩ አንዳንድ የሂንዱ ሃይማኖት አባቶች «ባህላችን ጠፋ» ብለው ጮኹ። ባህሉን ያቆዩት ሴቶች ላይ ነው የተጮኸው! የህንዶቹ ባብላና ካንቻን ደግሞ የሰንዳር ፖፖን ዘፈኖች መልሰው ዘፈኗቸው። አሁን ኮፒው ማነው?

ጓደኛዬን ብቻ ብወቅስ ግን ውሸታም እሆናለሁ። የእህቴ ልጅ እዚሁ ነው የተወለደችው። ባለፈው ፋሲካ ራሷ የደረሰችውን፣ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ ዘፈን ዘፈነችልን። «ጨ»ን «ቸ» ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ስቄያለሁ። አንዷ ዘመዳችን «ወይ አማርኛውን በደንብ ልመጅ ወይ ተዪው» አለቻት።

እኛ በአውሮፕላን ነው የመጣነው፣ በየቀኑ እናታችን ጋ እንደውላለን፤ ከሸንኮራ አገዳው ሕይወት ጋር አላወዳድርም። ግን ይሄ «ወይ በደንብ ወይ ተዪው» የሚባል ሕግ ከየት መጣ? ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒውዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን ሲቀዳ የአገሩን ዜማ ከላቲን ምት ጋር ነው የቀላቀለው፤ ዛሬ እንኮራበታለን። እሱ ሲቀላቅል ፈጠራ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስትቀላቅል ብልሽት?

አከራዬን የዘፈኖቹ ቃል ይገባዎታል ወይ አልኳቸው። «ግማሹ» አሉኝ፣ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ሌላውን ግማሽም አብረው እየዘፈኑ።

ለእህቴ ልጅ ያንን ዘፈን ቀድተሽ ላኪልኝ ብዬ ከጻፍኩላት ሦስት ሳምንት ሆነ። አይታዋለች። አልመለሰችልኝም።