«ስልክዎን ይቀይሩ» መልስ አይደለም

ምግብ ቤት ሂሳብ ሊከፍል ካሸሯ ፊት የቆመ ሰው የባንክ አፑን ከፈተ። የሂሳብ ቁጥሩን አስገባ፣ ብሩን ጻፈ። አፑ «የማረጋገጫ ቁጥር በኤስኤምኤስ ልከናል» አለው። መልእክቱን ሊያይ ወጣ፤ ስድስቱን አኃዝ በቃሉ እየደጋገመ ተመለሰ። የጀመረው ክፍያ የለም። አፑ እንደ አዲስ ተከፍቶ የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል። ከኋላው ሰልፍ አለ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ካሸሯ «ካሽ አልያዝክም?» አለችው።

ደንበኞች አገልግሎት ቢደውል የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፦ ኔትወርክ ነው፤ ካልሆነም ስልክዎ አቅም የለውም፣ ይቀይሩት። ኔትወርኩ ብዙ ኃጢአት አለበት፤ ይሄኛው ግን የእሱ አይደለም። የስልኩም አይደለም። ጥፋቱ አፑን የሠሩት ሰዎች ነው።

ቃሉ ራሱ ትንሽ ያሳስታል። «ሚሞሪ ሞላ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፎቶና ቪዲዮ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው። እሱ መጋዘኑ ነው። ራም ግን የሱቁ ባንኮኒ ነው፤ አሁን የሚፈለገው ዕቃ ብቻ የሚዘረጋበት። 2 ጊጋ ራም ባለው ስልክ ባንኮኒው ጠባብ ነው፤ ብዙውንም አንድሮይድ ራሱ ይዞታል። ቦታ ሲጠፋ አንድሮይድ ከጀርባ የቆየውን አፕ ሳያስጠነቅቅ ይዘጋል፤ ብዙ ቦታ የያዘው ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። ሰውየው ኤስኤምኤሱን በከፈተባት ቅጽበት የባንኩ አፕ ከጀርባ ሆነ። ተዘጋ።

ገንዘብ ከማስተላለፍ ሌላ ሥራ የሌለው አፕ ይህን ያህል ምን ተሸክሞ ነው? ብዙ ጊዜ ፎቶ ነው። 4000 በ3000 ነጥብ ያለው የማስታወቂያ ምስል ፋይሉ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ስክሪን ላይ ሊሳል ራም ውስጥ ሲዘረጋ ግን እያንዳንዷ ነጥብ 4 ባይት ትወስዳለች፤ 48 ሜጋባይት መጣ ማለት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ያሉ አምስት ማስታወቂያዎች ከተደረደሩ 240። ያውም ተጠቃሚው ሳያነባቸው ለሚያልፋቸው የ«እንኳን አደረሳችሁ» ሥዕሎች! ያንኑ ምስል ለስክሪኑ በሚበቃው ልክ፣ 800 በ600 አድርጎ መጫን 2 ሜጋባይት እንኳ አይፈጅም። ሥራው ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ተጠቃሚው የዘጋውን ገጽ ሳይለቁ ይዞ መቆየትም ሌላው የተለመደ በሽታ ነው፤ እሱን የሚያጋልጠው ሊክካናሪ የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነፃ አለ።

«ለደህንነት ሲባል ነው» የሚሉ አሉ። የይለፍ ቃል ስልኩ ላይ አይቀመጥ፣ ትክክል ነው። ግን የተቀባዩን ቁጥርና የብሩን መጠን መርሳት የትኛውን ሌባ ያቆማል? አንድሮይድ ከጀርባ የሚሄድን አፕ አስቀድሞ «ያለህበትን መዝግብ» የሚልበት መንገድ አለው። ከኤስኤምኤሱ ቁጥሩን ተጠቃሚው ከአፑ ሳይወጣ የሚቀበልበት መንገድም አለ። ሁለቱንም ሳይጠቀሙ ደህንነትን መጥራት ሰበብ ነው።

ፌስቡክ እንኳ ይህን የተማረው ከቢሮው ወጥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የምርት ኃላፊዎቹና ኢንጂነሮቹ አፍሪካ መጥተው ልዩ ልዩ አንድሮይድ ስልኮች ገዙና የራሳቸውን አፕ ሞከሩ። ኩባንያው በ2014 ራሱ እንደጻፈው አፑ ይጎተታል፣ ደጋግሞም ይወድቃል፤ የወር ዳታቸውም በ40 ደቂቃ አለቀ። በ2015 ፌስቡክ ላይት ሲወጣ ከ1 ሜጋባይት ያነሰ ነበር። እነሱ ውቅያኖስ ተሻግረው ነው። ቦሌ የተቀመጠ ቡድን ግን ደንበኛው የያዘውን ስልክ ለማግኘት ታክሲ ይዞ መርካቶ መውረድ ብቻ ይበቃዋል።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። አፑ የሚሞከረው 8 ወይም 12 ጊጋ ራም ባለው የገንቢው ስልክ ላይ ነው፤ አለቆች ፊት የሚቀርበውም በዚያው። ስልኩ ላይ ምንም አይታይም፤ ሁሉም ያጨበጭባል። አፑን አዝዞ ገንዘብ የከፈለው ባንክ «በ2 ጊጋ ስልክ አሳዩኝ» ብሎ ውል ውስጥ ቢያስገባ ነገሩ በአንድ ወር ይለወጥ ነበር። እስከዚያው በማንኛውም አንድሮይድ ስልክ የገንቢዎች ማስተካከያ ውስጥ ተጠቃሚው የለቀቀውን ገጽ ወዲያው የሚያጠፋ ማብሪያ አለ። እሱን አብርቶ፣ ክፍያ ጀምሮ፣ ኤስኤምኤስ ከፍቶ መመለስ አንድ ደቂቃ አይወስድም። ክፍያው እዚያው ካልጠበቀ አፑ ገና አላለቀም።